ልጅ ያቦካው ለራት ይብቃ፦ የሰፈር ስካውት ቡድን ስለ መምራት

የዛሬው ዝግጅታችን በየሰፈሩ፣ በየትምህርት ቤቱና በየወጣት ማዕከሉ ልጆች ሰብስበው የስካውት ቡድን ለሚመሩ፣ ወይም ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች የተሰናዳ ነው። ወላጆችም አብራችሁ ብትሰሙ ደስ ይለኛል፤ የስካውት መሪ ሥራው ግማሹ ከእናንተ ጋር ነውና።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አባቶቻችን። ያለ ምክንያት አልተናገሩትም። ልጅ ሲያቦካ ውሃ ያበዛል፣ ዱቄት ይደፋል፣ መሃል ላይ ትቶት ሊጫወት ይሮጣል። ስለዚህ ቁም ነገር ያለው ሥራ ሁሉ በትልቅ ሰው እጅ ይሁን እንላለን። ስካውት ግን የቆመው በዚህ አባባል ተቃራኒ ላይ ነው። ልጅ እንዲያቦካ ካልተተወለት ማቡካት የሚማርበት ቀን አይመጣም፤ አንድ ቀን ለራት ባይበቃ አንድ ቀን ነው፤ በሚቀጥለው ይበቃል የሚል እምነት አለው። ልጆችን በመራሁባቸው ዓመታትም ሆነ የሌሎች መሪዎችን ሥራ ስመለከት የተረዳሁት፣ ከገንዘብ፣ ከድንኳንና ከመሰብሰቢያ ቦታ እጦት ሁሉ የሚከብደው ትልቁ ሰው እጁን ሰብስቦ መቆሙ ነው። ዛሬ የማነሳው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ይመጣል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ላስታውሳችሁ። የስካውት መሥራች ሮበርት ቤደን ፓወል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 በደቡብ አፍሪካ ማፍኪንግ የምትባለው ከተማ በቦር ተዋጊዎች ተከበበችና 217 ቀን በከበባ ውስጥ ቆየች። መከላከያውን የመራው እሱ ነው። በዚያን ጊዜ የከተማዋ ታዳጊ ልጆች ተደራጅተው መልእክት ያደርሱ ነበር። ልጅ የምር ሥራ ሲሰጠው የምር እንደሚሠራ ያየው እዚያ ነው። ኋላም እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1907 በደቡብ እንግሊዝ፣ ፑል ከተማ አጠገብ ባለችው በብራውንሲ ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ሰፈረ። ከፊሎቹ የባለጸጋ ልጆች፣ ከፊሎቹ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። ቀላቀላቸውና በአራት ትንንሽ ቡድን ከፈላቸው፤ ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራ፣ አራተኛው ደግሞ በአንዲት የባሕር ዳር ወፍ ስም ተጠራ። ለእያንዳንዱ ቡድን ከልጆቹ መካከል አንድ መሪ ተሾመ። እነዚህ ትንንሽ ቡድኖች እስከ ዛሬ ፓትሮል ይባላሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚገርመኝ የቀጠለው ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1908 ጀምሮ ቤደን ፓወል ስለ ስካውት ለልጆች የጻፈው መጽሐፍ በየሁለት ሳምንቱ ክፍል በክፍል መውጣት ጀመረ። ልጆች በኪስ ገንዘባቸው እየገዙ አነበቡት፤ በየመንደሩም ማንንም ሳይጠብቁ ፓትሮል አቋቋሙ። የሚመራቸውን ትልቅ ሰው ፍለጋ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ቀድመዋል፣ ትልቁ ሰው ተከትሏል። ዛሬ ስካውት ከ170 በላይ በሚሆኑ አገሮችና ግዛቶች ይገኛል። ቤደን ፓወል ራሱ የተቀበረው ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ኒየሪ ከተማ ነው። በአገራችንም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ስካውት የነበሩ አዛውንት ዛሬም አሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቶ ነው እንደገና የተጀመረው። በሰፈራችሁ እንዲህ ያሉ አባት ካገኛችሁ አንድ ቅዳሜ ጋብዟቸውና ለልጆቹ ያጫውቱላችሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቡድን የሚጀምር ሰው የልጅ እጥረት አይገጥመውም፤ የሚገጥመው የልጅ ብዛት ነው። «ስካውት ሊጀመር ነው» ተብሎ በሰፈር ከተወራ በመጀመሪያው ቅዳሜ ግቢው ይሞላል። ታናናሾቻቸውን አስከትለው የሚመጡም አሉ። መሪው ይደሰታል፣ ወረዳውም ቁጥሩን ይወደዋል፣ ፎቶውም ያምራል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን መሪው ድምፁ ተዘግቶ፣ ፊሽካ እየነፋ ሲያሰልፍ ይውላል። ትንሽ ቆይቶ ልጆቹ አንድ በአንድ ይቀራሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሰልፍማ ትምህርት ቤትም አለ።

ቤደን ፓወል በዚህ ጉዳይ ላይ የሰጠው ምክር አለ። እሱ በቅጡ ሊያሠለጥን የቻለው አሥራ ስድስት ያህል ልጅ እንደሆነ ገልጾ፣ ሌላው መሪ የእሱን እጥፍ ይችላል ብለን ብናስብ እንኳ አንድ ቡድን ከ32 ልጅ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። እኔ ለጀማሪ ከዚያም ቀንሱ እላለሁ። ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ ብቻ ያዙ። የቀሩትን ስማቸውን መዝግቡ፣ መቼ እንደምትጠሯቸው ለወላጆቻቸው ቁርጡን ንገሩ። ከእነዚህ ጥቂት ልጆች ጋር ሁለት ሦስት ወር ሥሩ፤ ቋጠሮውን፣ ምግብ ማብሰሉን፣ ካርታ ማንበቡን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታውን አስተምሯቸው። በኋላ የፓትሮል መሪዎች የሚወጡት ከእነሱ መካከል ነው። ያን ጊዜ የተመዘገቡትን ጥሩ። መሪው ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ልጅ አይመራም፤ አራት የፓትሮል መሪዎችን ነው የሚመራው።

የፓትሮል መሪ ማን ይሁን? ልጆቹ ይምረጡ። በክፍሉ አንደኛ የሚወጣው፣ ወይም አባቱ የታወቀ ሰው የሆነው ልጅ ይሾም የሚል ግፊት ይመጣባችኋል፤ አትቀበሉት። ልጆች ማን እንደሚያዳላ፣ ማን እንደሚሳደብ፣ ማን ብስኩቱን ቆርሶ እንደሚያካፍል ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ። መሪዎቹ ከተመረጡ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ለብቻቸው ይሰብሰቡ፤ በስካውት ዓለም ይህ ስብሰባ የክብር ሸንጎ ይባላል። የሚመጣውን ወር ዕቅድ የሚያወጣው፣ ጥል ያጋጠመ እንደሆነ የሚዳኘው ይህ ሸንጎ ነው። ትልቁ ሰው ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፣ ሲጠየቅ ይመክራል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያየሁትን ላጫውታችሁ። አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት የፓትሮል መሪ አምስት ልጆች ይዛ በአንድ ግቢ ጥግ ላይ ቋጠሮ ታስተምራለች። የተሰበረ ክንድ በሻርፕ ሲታሰር የሚጠቅመውን ቋጠሮ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀኙን ጫፍ በግራው ላይ አሳልፎ መሸብ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ አሳልፎ መሸብ። ልጅቱ ግን ሁለቱንም ጊዜ ቀኙን በግራው ላይ አደረገችው። እንዲህ የታሰረ ቋጠሮ ላይ ላዩን ትክክል ይመስላል፤ ጫፎቹ ግን ወደ ጎንና ጎን ይወጣሉ፣ ሲጎተትም ይንሸራተታል። ትክክለኛው ጠፍጣፋ ነው፣ ጫፎቹም ከገመዱ ጋር ጎን ለጎን ይተኛሉ።

አጠገቧ ረዳት መሪው ቆሟል። ስህተቱን አይቷል። እጁ ወደ ሻርፑ ሲዘረጋ አየሁት፤ ከዚያ መለስ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ልጆቹ አሰሩ፤ አንዱ ልጅ ክንዱን ሲያወዛውዝ ቋጠሮው ተፈታ። ተሳሳቁ። ልጅቱ ደነገጠች፣ ፊቷ ቀላ፣ ሻርፑን መሬት ላይ ዘርግታ ቁጭ አለች። ፈታችው፣ አሰረችው፣ አሁንም ፈታችው። አንዲት ትንሽ ልጅ «ይሄኛው ጫፍ ለምን ወደ ውጭ ይወጣል?» ብላ ጠየቀቻት። ያን ጊዜ ገባት። ከዚያ ወዲያ ለአምስቱም ያስተማረችው የቋጠሮውን አሠራር ብቻ ሳይሆን የተሳሳተውን ከትክክለኛው በዓይን መለየት ጭምር ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል «ባክኗል»። ረዳት መሪው ቢያሳያት ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ግን አምስቱ ልጆች ከዚያ በኋላ ጥያቄ ይዘው የሚሄዱት ወደ እሱ በሆነ ነበር። አሁን ወደ እሷ ይሄዳሉ።

እጅ መሰብሰብ ማለት ግን ዝም ብሎ መተው ማለት አይደለም። እሳት፣ ጥልቅ ውሃ፣ አስፋልት መንገድና ስለት ባለበት ትልቅ ሰው ወዲያው ይገባል። አንድ ልጅ በሌሎች ሲዋረድም ይገባል፤ የቋጠሮ ስህተት ለነገ ይቆይ ቢባል ያስኬዳል፣ የተዋረደ ልጅ ግን ነገ አይመጣም። የመሪነት ጥበቡ ይህን ድንበር መለየት ላይ ነው፤ መጽሐፍ አንብቦ ሳይሆን ልጆቹን በማወቅ የሚገኝ ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ወደ ወላጆች ልምጣ። «ጫካ ሄዶ ምን ሊያመጣ ነው?» የሚሉ እናትና አባት ክፉ አይደሉም። ልጁ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት አለበት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ የሙስሊም ልጅ ቁርኣን ይቀራል፣ ሱቅ የሚጠብቅም አለ። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ቤት የሚጠብቃት ሥራ ብዙ ነው። ስለዚህ የስብሰባ ሰዓት ስትቆርጡ መጀመሪያ ወላጆችን ጠይቁ። አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይጀመራል ካላችሁ በስምንት ጀምሩ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ልጆቹን ወደ ቤት ስደዱ። ወላጅ መሪን የሚያምነው በንግግሩ ሳይሆን ልጁ በተባለው ሰዓት ደጅ ሲያንኳኳ ነው። ቤታቸው ሂዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ማን እንደሆናችሁ ይዩ። ለጉዞ የሚሆን የፈቃድ ወረቀት አስፈርሙ፤ የት እንደሚሄዱ፣ በምን መኪና፣ እነማን ትልልቅ ሰዎች አብረው እንዳሉ፣ መቼ እንደሚመለሱ፣ ስልክ ቁጥር ይኑርበት። ልጁ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት እንደሆነ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ በዚያው ላይ ይጻፍ። አንዳንድ ወላጅ ሕመሙን ይደብቃል፣ ልጄን አይወስዱብኝም ብሎ ይፈራል። ስለዚህ የምትጠይቁት ልትከለክሉት ሳይሆን ልትጠነቀቁለት እንደሆነ በግልጽ ንገሩ።

የሴት ልጆችን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ክሪስታል ፓላስ በተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ የስካውቶች ሰልፍ ላይ ማንም ሳይጠራቸው የስካውት ልብስ ለብሰው የመጡ ሴት ልጆች ነበሩ፤ በዓመቱ የሴቶቹ ድርጅት ተመሠረተ። ሴት ልጆች ፍላጎት አጥተው አያውቁም። የሚያስቀራቸው ሌላ ነው። ቡድኑ ውስጥ ትልቅ ሴት መሪ ከሌለች እናቶች ልጆቻቸውን አይልኩም፣ አለመላካቸውም ልክ ነው። ሽንት ቤቱ የማይዘጋ ከሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይቀራሉ። በጉዞ ላይ የወር አበባ መጠበቂያ በመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ ውስጥ መኖር አለበት፣ የምትይዘውም ሴት መሪዋ መሆን አለባት፣ ልጆቹም ሳይጠይቁ የት እንዳለ ማወቅ አለባቸው። ይህን በሬዲዮ መናገር ያሳፍራል የሚል ካለ፣ አንዲት ልጅ በዚህ ምክንያት ከካምፕ ስትቀር ግን ሊያሳፍረን ይገባል። በምግብ ማብሰልና ዕቃ ማጠብ ላይም ተራው ለሁሉም እኩል ይድረስ፤ ወንዶቹ ድንኳን ተካዮች፣ ሴቶቹ ወጥ ሠሪዎች ከሆኑ ስካውት ምን ጨመረላቸው?

አሁን ከሁሉም ከባዱን ላንሳ። የአሜሪካ ቦይ ስካውትስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የኪሳራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቀረበ። ምክንያቱ፣ በልጅነታቸው በመሪዎቻቸው የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ክስ ነው። ካሳ የጠየቁት ከ82,000 በላይ ናቸው፤ የካሳው ስምምነትም 2.46 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። አድማጮቼ፣ ይህ የሆነው ከመቶ ዓመት በላይ ልምድ ባለው፣ ገንዘብም ሕግም ባለበት ድርጅት ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ «የሰፈር ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ» የሚል መተማመን አለ። ትልቅን ማክበር ያደግንበት ነው፤ ልጅም ትልቅ ሰው ያለውን እሺ ማለትን ይማራል። ክፉ ሰው የሚደበቀውም እዚሁ መተማመን ውስጥ ነው።

ስለዚህ አንድ ሕግ ይኑራችሁ፣ ለማንም አይላላ፦ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው አይሆንም። ሁልጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይገኛሉ። ከልጅ ጋር የምር መነጋገር ካስፈለገ ሰው በሚያይበት፣ ግን በማይሰማበት ቦታ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ትልቅ ሰው ልጆች በሚተኙበት ድንኳን አይተኛም። በቴሌግራምም ቢሆን መሪ ለአንድ ልጅ ለብቻው አይጽፍም፤ ወላጅ ወይም ሁለተኛ መሪ ያለበት ቡድን ውስጥ ይጻፍ። «እኔንማ ትጠረጥራላችሁ ወይ?» ብሎ የሚቆጣ ረዳት ይመጣባችሁ ይሆናል። ሕጉ እሱን ለመጠርጠር የወጣ አይደለም፤ ልጆቹን ይጠብቃል፣ እሱንም ከሐሜት ይጠብቃል። ይህን ነግራችሁት አሁንም እምቢ ካለ ከልጆች ጋር አታሠሩት።

ልጅ መጥቶ የደረሰበትን ቢነግራችሁስ? አዳምጡት። አታቋርጡት፣ እየመረመራችሁ አትጠይቁት፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ልትጠብቁት የማትችሉት ቃል ነው። በመንገርህ ጥሩ አድርገሃል፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም በሉት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ፖሊስ ወይም የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚይዘው ቢሮ ሂዱ። ነገሩን በሽምግልና፣ በይቅርታ፣ በሰፈር ገመና ሸፍኖ ማለፍ አለ፤ ብዙ ቦታ ይደረጋል። እባካችሁ አታድርጉት። ሽምግልና ለሰዎች ጠብ ነው እንጂ ለልጅ ጥቃት አይደለም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ሙሉ ልብስ ካልተገዛ ቡድን አይጀመርም የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ሻርፕ ይበቃል፤ ጥሩ ጨርቅ ከመርካቶ ገዝቶ በሰፈር ልብስ ሰፊ ማሰፋት ይቻላል። ወርኃዊ መዋጮ ካለ ትንሽ ይሁን፣ ያልከፈለ ልጅ ስሙ በአደባባይ አይጠራ። ሒሳቡን ልጆች ይያዙት፤ አንዱ ገንዘብ ያዥ፣ ሌላው ተቆጣጣሪ ሆነው በየወሩ ለሁሉም ያንብቡ። ትልቅ ድስት፣ ድንኳንና ጀሪካን ግን መግዛት አያስፈልግም። የሰፈራችሁ ዕድር ዕቃ ቤት ውስጥ ሁሉም አለ። የዕድሩን ዳኛ አነጋግሩ፤ ደብዳቤ ጻፉ፣ መሪው በስሙ ይፈርም። ከዚያ ድስቱ ሲመለስ ልጆቹ ራሳቸው አሸዋ አድርገው ጥቀርሻውን ፍቀው፣ አብርተው ይመልሱት። ንጹሕ ድስት የመለሰ ስካውት ሁለተኛ ጊዜ አይከለከልም። እንዲያውም ልጆቹ በዕድሩ ሥራ ውሃ ቢቀዱ፣ ወንበር ቢያደራጁ ሰፈሩ ቡድኑን የራሱ ያደርገዋል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ካምፕ። ልጆች የሚጓጉለት፣ መሪዎች እንቅልፍ የሚያጡበት። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ መሬቱ ደርቋል፣ ሣሩም አልጠወለገም። ከኅዳር ወዲያ ደጋው ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ አንድ ጋቢ አይበቃም። መጀመሪያ አንድ ሌሊት፣ ከከተማ ብዙ ሳይርቁ ነው።

ቦታውን ግን ሳታዩ ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በደቡብ ኮሪያ ሴማንግም በተባለ ቦታ ጃምቦሪ የሚባለው የዓለም ስካውቶች ታላቅ ስብሰባ ተካሂዶ ነበር። 43,000 ያህል ሰው ከዓለም ዙሪያ መጣ። የተመረጠው ከባሕር ተደልድሎ የወጣ ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለውም፣ ጥላ የለውም፣ ውሃው አይወርድም። ሙቀቱ በረታ፣ ብዙ መቶ ልጆች ታመሙ፣ ስለ ሽንት ቤቱም አቤቱታ በዛ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ልጆች ጥለው ወጡ፤ በመጨረሻም አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ተነሡ። ዝግጅቱ ዓመታት የፈጀ ነበር። መሬቱን ሄደው ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ግን ልጅ በጠራራ ፀሐይ ለቀናት እንደሚውልበት አድርገው አላዩትም። ስለዚህ እናንተ በቀን ብቻ ሳይሆን ማታም ሂዱ። ጥላው ቀትር ላይ የት ነው? ዝናብ ቢመጣ ውሃው በየት ይወርዳል? ጅብ የሚመላለስበት ከሆነ የአካባቢው ሰው ይነግራችኋል፤ እንዲያ ከሆነ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር። ቅርብ ጤና ጣቢያው የት ነው፣ ሌሊት ክፍት ነው ወይ? መኪና ያለው ሰው ማን ነው? ባለ መሬቱን ወይም ደኑን የሚጠብቀውን ክፍል በጽሑፍ ጠይቁ።

የሚጠጣውን ውሃ አፍሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መቶ አይደርስም። ስለዚህ ቆላ ላይ አንድ ደቂቃ ከተንተከተከ የሚበቃው ውሃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ሙሉ መንተክተክ አለበት። ይህን ለልጆቹ ንገሯቸው፤ በትምህርት ቤት የተማሩት ፊዚክስ ድስት ውስጥ ሲፈላ ያዩታል። መጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፤ ሲጠናቀቅ በአፈር ይደፈን። እሳቱን ውሃ አፍሱበት፣ አማስሉት፣ እንደገና አፍሱበት፤ የመሪው የእጅ ጀርባ ሲቀርበው ካልጋለው ነው ጠፋ የሚባለው። በበጋ ደን ውስጥ ይህ ቀልድ የለውም።

ስለ ምግቡ፣ በአንድ ፓትሮል ውስጥ ጾመኛ አለ፣ ሐላል ብቻ የሚበላ አለ፣ ሁሉን የሚበላ አለ። ሥጋ አምጥቶ ሦስት ድስት ከመጣድ ሽሮና ምስር ሁሉን በአንድ ትሪ ያቀርባል። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ከገቡ የጉዞውን ቀን አዛውሩ፤ ልጅ በጾም ቀን ተራራ እንዲወጣ አይጠየቅም።

በአንድ ካምፕ ማታ ላይ የሆነውን ላንሳ። አንድ ፓትሮል ዱቄት አቡክቶ ቂጣ ሊጋግር ተነሣ። ሊጡ ቀጠነ። ዱቄት ጨመሩ፣ ጠጠረ። ውሃ ጨመሩ። ምጣዱ ሳይሰማ ቀድመው ጣዱት፤ የመጀመሪያው ተጣበቀ፣ ሁለተኛው ዳሩ አርሮ መሃሉ ጥሬ ሆነ። ሌሎቹ ፓትሮሎች ራታቸውን በልተው መዝፈን ጀምረዋል። መሪዎቹ ጠጋ ብለው ቆመዋል፣ የሕፃናቱ ሆድ ያሳዝናል፤ «አምጡ እኔ ልጋግርላችሁ» ማለት እንዴት ይቀላል! አላሉም። ቀርበው እሳቱ እንዳያቃጥላቸው ብቻ ይጠብቃሉ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የፓትሮሉ መሪ ልጅ እሳቱን ቀነሰ፣ ምጣዱን በዘይት ጨርቅ አሰሰ፣ አንዲት ስስ ቂጣ አወጣ። ለስምንት ተካፈሏት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የቀረበላቸውን ሁሉ በሉት፤ አመድ የነካውንም ጭምር። በማግስቱ ጠዋት ለቁርስ ቂጣ የጋገረ ፓትሮል እነሱ ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ በዳቦ አለፉ።

በመጨረሻ ስለ መሪው ራሱ። ይህ ሥራ ደመወዝ የለውም። የስካውት መሪዎች የሚሠለጥኑበት ኮርስ እ.ኤ.አ. በ1919 ለንደን ዳር ጊልዌል ፓርክ ውስጥ ተጀምሮ በዓለም ተሰራጭቷል፤ ዕድሉን ካገኛችሁ ተማሩ። ከሥልጠና እጦት በላይ ቡድን የሚገድለው ግን ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው። መሪው ሥራ አግኝቶ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ ወይም ዐረብ አገር፣ ወይም ትዳር ይይዛል፤ ቁልፉ በኪሱ፣ የወላጆች ስልክ በእሱ ሞባይል፣ የዕድሩ ዳኛ የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው። በወሩ ቡድኑ ይበተናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ረዳቶች ይኑሯችሁ። መዝገቡ የወል ይሁን። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው የቀድሞ የፓትሮል መሪዎቻችሁን አትሸኟቸው፤ ሥራ ስጧቸው። በወር አንድ ቅዳሜም እናንተ ቅሩ። ሁለት ረዳቶችና ልጆቹ ያለ እናንተ ያካሂዱት። የሆነውን በማግስቱ ጠይቁ፤ ከተበላሸው ነገር ይልቅ የተስተካከለውን አስቀድማችሁ ስሙ።

ጊዜያችን አልቋል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ውስጥ ምን ምን መኖር እንዳለበትና ልጆች ራሳቸው እንዴት እንደሚያዘጋጁት አንዲት ነርስ ጋብዘን እንነጋገራለን። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ጠብቁን። ሰላም ሁኑ።